የሜልኮል ሁለተኛ ባል፦ በመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ላይ ልብ ወለድ ስንጽፍ እስከ የት መፍጠር ይፈቀድልናል?

ቀለም ጠብታ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የሳኦልን ልጅ የሜልኮልን ታሪክ በልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። የዳዊት የመጀመሪያ ሚስት ናት። አባቷ ሊያስገድለው ሰው ሲልክ በመስኮት አውርዳ ያስመለጠችው እሷ ነች። አልጋው ላይ ምስል አጋድማ፣ ራስጌው ላይ የፍየል ጠጉር አድርጋ፣ ልብስ አልብሳ «አሞታል» ያለችውም እሷው ነች። ዳዊትን እንደወደደችው በግልጽ ተጽፏል። እሱ ይውደዳት አይውደዳት ግን አልተጻፈም።

ዳዊት ሸሽቶ በረሃ ሲገባ ሳኦል ለሌላ ሰው ዳራት። ሰውየው ፈልጢኤል ይባላል። ዓመታት አለፉ። ሳኦል ሞተ፣ ዳዊት ኬብሮን ላይ ነገሠ። ከዚያ «ሚስቴን መልሱልኝ» አለ። መጥተው ወሰዷት። 2ኛ ሳሙኤል 3፥16 ላይ ባልየው እያለቀሰ እስከ ብራቂም ድረስ እንደተከተላት ይናገራል። የሳኦል የጦር አለቃ የነበረው አበኔር «ተመለስ» አለው። ተመለሰ። በቃ። ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ሰው አንዲት መስመር የለም።

እኔን አላስተኛ ያለኝ ይሄ ሰው ነው። ትዕይንቱን እንዲህ ጽፌዋለሁ፦

«ፈልጢኤል ልቡ በኀዘን ተሰበረ። ሚስቱን ከልቡ ይወዳት ነበርና መለየቱ እንደ ሞት ሆነበት። ‹ወዮልኝ! ያላንቺ እንዴት እኖራለሁ?› እያለ አለቀሰ። ሜልኮልም የዳዊትን ክብርና የፈልጢኤልን ፍቅር እያሰበች በሁለት ሐሳብ ተወጠረች።»

ለጽሑፍ ጓደኞቼ አነበብኩላቸው። አንዷ «ስብከት ይመስላል» አለች። ሌላው «መጽሐፍ ቅዱስ ላይ መጨመር ድፍረት ነው» ብሎ ኮስተር አለ። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ደግሞ ምልልሱስ? እንደ መጽሐፉ ባናግራቸው ንባብ የሚደግሙ ይመስላሉ። እንደ ዛሬ ሰው ባናግራቸው ዳዊት የጎረቤት ልጅ ሆኖ ያርፈዋል።

አርታኢው፦

ስብከት ይመስላል ያለችሽ ልጅ ልክ ናት።

መጽሐፉ «እያለቀሰ ተከተላት» አለ። አንቺ ያደረግሽው ያቺኑ ነገር ማወፈር ነው። «ልቡ ተሰበረ»፣ «እንደ ሞት ሆነበት»፣ «ወዮልኝ»። አንባቢው ይሄን ሁሉ ሳትነግሪው ያውቀዋል። ሰውየው እያለቀሰ መንገድ ለመንገድ ሄደ እኮ! ከዚህ በላይ ምን ይባላል?

ያልተጻፈው መንገዱ ነው። ከየት ተነሡ? ሜልኮል ከፊት ናት፣ ከመሃል? ወታደሮቹ ያዩት ነበር ወይስ እንዳላዩ ሆነው ይሄዳሉ? ትንሽ ዝቅ ብለሽ ካነበብሽ አበኔር 20 ሰዎች አስከትሎ ኬብሮን ደረሰ ይላል። ጉዞው ያው ጉዞ ነው ብለሽ ከወሰድሽ 20 ወንዶች አንድ ሰው ሲያለቅስ እየሰሙ ነው የሚሄዱት። አንዱ ይስቅ ይሆናል። አንዱ ውኃ ይሰጠው ይሆናል። አበኔር ለምን እስከዚያ ድረስ ታገሠው? ገና መንደሩ ደጃፍ ላይ ሊመልሰው ይችል ነበር። እኔ ብሆን ምዕራፉን ሙሉ በዚህች ጥያቄ ላይ እሠራዋለሁ።

«በሁለት ሐሳብ ተወጠረች» የሚለውን አውጪው። መጽሐፉ ስለ እሷ ስሜት እዚህ ቦታ ላይ ምንም አላለም። እሱ እያለቀሰ እሷ ምን እንዳደረገች አለመነገሩ እኮ ነው ታሪኩን የሚያስፈራ ያደረገው። ያንን ዝምታ በአንድ ዓረፍተ ነገር አትዝጊው።

ጠያቂው ቶማስ፦

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ከኮስታራው ወንድማችን ጋር ነኝ። ራእይ 22፥18 ላይ የሚጨምር ሰው ምን እንደሚጨመርበት ተጽፏል። ሰው ልብ ወለዱን አንብቦ የቱ ከመጽሐፉ እንደሆነ፣ የቱ ከደራሲው እንደሆነ ይምታታበታል። ሰብአ ሰገል ሦስት ናቸው የሚለውን ማን ጻፈው? ማቴዎስ ቁጥራቸውን አልተናገረም። ስጦታዎቹ ሦስት ስለሆኑ ነው ሰው ሦስት ያደረጋቸው። ዛሬ ሂድና ሦስት አይደሉም በል እስቲ፣ ማን ይሰማሃል?

ማርታ ዘቢታንያ፦

ወንድም ቶማስ፣ ስለ ሰብአ ሰገል ያልከው እውነት ነው። የራእዩ ቃል ግን «በዚህ የትንቢት መጽሐፍ» ላይ ስለሚጨምር ነው የሚናገረው። ልብ ወለድ ጸሐፊ ደግሞ «ቅዱስ መጽሐፍ ጻፍኩ» አላለም። ሽፋኑ ላይ ልብ ወለድ ተብሎ ተጽፏል።

እሱ ይቅርና ነቢዩ ናታን ዳዊትን የገሠጸው በምንድን ነው? በፈጠራ ታሪክ! 2ኛ ሳሙኤል 12ን አንብብ። አንድ ባለጠጋ፣ አንድ ድሃ፣ አንዲት ታናሽ በግ። በጓ ከድሃው እንጀራ ትበላለች፣ ከዋንጫው ትጠጣለች፣ ብብቱ ውስጥ ትተኛለች። ዋንጫውን ልብ በል። ናታን «ድሃው በጓን በጣም ይወዳት ነበር» ብሎ አላለፈም። ዋንጫውን አሳየ። ዳዊት ነደደና በገዛ ራሱ ላይ ፈረደ። ጌታም ቢሆን ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የሚወርደውን መንገደኛ በምሳሌ ነው የተናገረው። መንገዱ የእውነት ነው፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁለት፤ ሰውየው ግን የምሳሌ ሰው ነው።

ጠያቂው ቶማስ፦

ቆንጆ መልስ ነው፤ አንድ ነገር ግን አልፈሻል። የናታን ድሃ ስም የለውም። ወደ ኢያሪኮ የወረደውም ስም የለውም። ፈልጢኤል ግን ስም ያለው፣ የሌሳ ልጅ የተባለ ሰው ነው። ስም ባለው ሰው አፍ ውስጥ ያልተናገረውን ማስገባት ሌላ ጉዳይ ነው። ለራሴ ብሆን ስም የሌለውን ሰው ነበር የምመርጠው። የሎጥ ሚስት፣ የኖኅ ሚስት፣ የዮፍታሔ ልጅ። ወይ ደግሞ ጌታ ሲያዝ ነጠላውን ጥሎ ራቁቱን የሸሸው ጎበዝ፣ ማርቆስ 14 ላይ ያለው።

አርታኢው፦

የቶማስን ቁም ነገር አልንቀውም። እኔ የያዝኩት መስመር ግን ይሄ ነው፦ የተጻፈውን አላፈርስም፣ ያልተጻፈው ላይ ነፃ ነኝ። ሜልኮል ዳዊትን ወደደች ተብሎ ተጽፏልና «አልወደደችውም፣ አባቷ አስገድዷት ነው» ብዬ አልጀምርም። ፈልጢኤልን ወደደችው ወይ? ዝም ተብሏል። እዚያ እገባለሁ።

ባዶ ቦታ ማለት ምን እንደሆነ በአንድ ምሳሌ ላሳይ። ዘፍጥረት 22 ላይ አብርሃም ይስሐቅን ሊሠዋ ሄደ። ሣራ በምዕራፉ ውስጥ የለችም። ነግሯት ይሂድ፣ ሳትነቃ ይውጣ አናውቅም። በማለዳ ተነሣ ነው የሚለው። ሲመለስ ቤርሳቤህ ተቀመጠ ይላል። ቀጣዩ ምዕራፍ ሲከፈት ሣራ በ127 ዓመቷ ሞታለች። የሞተችው ደግሞ ቤርሳቤህ አይደለም፣ ኬብሮን ነው። አብርሃም ሊያለቅስላት «መጣ» ይላል። ከየት ነው የመጣው? ሣራ ኬብሮን ምን ታደርጋለች? የአይሁድ መምህራን በሚድራሻቸው፣ በጥንቱ የመጽሐፍ ትርጓሜያቸው፣ ሁለቱን ምዕራፎች አያይዘው ወሬውን ሰምታ ነው የሞተችው ይላሉ። የእኛም የአንድምታ መምህራን ቢሆኑ ጥቅስ ሲፈቱ «ቢሉ…» እያሉ ባለታሪኩን ሲጠይቁትና ሲያስመልሱት ኖረዋል። ክፍተት አይቶ መጠየቅ በእኛ አልተጀመረም።

የይስሐቅ ዕድሜም እንደዚሁ ነው። ሥዕሎቹ ላይ ሁሌም ትንሽ ልጅ ነው። ዮሴፍ ወልደ ኮርዮን ሳይሆን ሌላው ዮሴፍ፣ የአንደኛው መቶ ዘመን ታሪክ ጸሐፊ ፍላቪዮስ፣ 25 ዓመቱ ነበር ይላል። ከሣራ ዕድሜ ተነሥተው 37 ያደረሱትም አሉ፤ በ90 ዓመቷ ነው የወለደችው፣ ቀንሱት። እንጨቱን ተሸክሞ ተራራ የወጣ ሰው መሆኑን አትርሱ። 25 ዓመት የሞላው ጎልማሳ በ125 ዓመት ሽማግሌ እጅ ሲታሰር ዝም ካለ ትዕይንቱ የአባትየው ብቻ መሆኑ ይቀራል። ዕድሜውን ስትመርጪ ታሪኩን መረጥሽ ማለት ነው።

ዝም ባይ አንባቢ፦

ይሄ ክር ሳይዘጋ ላንብበው ብዬ ሥራ አስፈታችሁኝ 😂

ድንጋይ ቆፋሪ፦

እኔ ጸሐፊ አይደለሁም፣ የቁፋሮ ወሬ የምከታተል አንባቢ ነኝ። ልብ ወለዶቹን ሳነብ ግን ዕቃው ያበሳጨኛል። ባለታሪኩ ሁሉ ከረጢቱን ፈትቶ ሳንቲም ይቆጥራል። አብርሃም ዘመን ሳንቲም የለም! ሳንቲም በልድያ፣ በዛሬዋ ቱርክ፣ የተጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛውና በ6ኛው መቶ ዘመን አካባቢ ነው። አብርሃም የሣራን መቃብር ሲገዛ 400 ሰቅል ብር መዘነ ነው የሚለው። መዘነ! ሚዛን አለ፣ የሚዛን ድንጋይ አለ፣ ሻጩ ሚዛኑን የሚያይበት ዓይን አለ። አንድ ሙሉ ትዕይንት እዚያ ተቀምጧል። ጸሐፊው «ገንዘቡን ከፈለ» ብሎ ያልፈዋል።

ለሜልኮል ደግሞ ይሄን ያዥ። በሳኦል ዘመን እስራኤል ውስጥ ብረት ሠሪ አልነበረም ይላል 1ኛ ሳሙኤል 13። ማረሻና መጥረቢያ ለማሳል ወደ ፍልስጥኤማውያን ይወርዱ ነበር። በጦርነቱ ቀን ሰይፍና ጦር የነበራቸው ሳኦልና ዮናታን ብቻ ናቸው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ወታደር የሚያብረቀርቅ ሰይፍ አታድዪ። ዱላ፣ ወንጭፍ፣ የነሐስ ነገር። ሜልኮል ያደገችው ብረት ብርቅ በሆነበት ቤት ነው።

ሰዓትም ተጠንቀቁ። «ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ» ብሎ የሚጽፍ አለ። በመሳፍንት ዘመን ሌሊቱ በሦስት የጥበቃ ክፍል ይከፈላል፣ ጌዴዎን የደረሰው በመካከለኛው ነው። በሮማውያን ጊዜ አራት ሆነ። ጌታ በባሕር ላይ እየሄደ የመጣው በአራተኛው ክፍል ነው፣ ሊነጋጋ ሲል። ደቀ መዛሙርቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲቀዝፉ አድረዋል ማለት ነው። ስለ ጀልባዋም የምትጽፉ ካላችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ1986 የገሊላ ባሕር በድርቅ ሲሸሽ ከጭቃው ውስጥ የአንደኛው መቶ ዘመን ጀልባ ተገኝቷል። ርዝመቱ 8 ሜትር ከምናምን፣ ስፋቱ 2.3 ሜትር ነው። ደርዘን ሰው እዚያ ውስጥ በማዕበል! ጉልበት ለጉልበት ተጠጋግተው ነው የሚጮኹት።

አሁን ወደ ብራቂም። እስካሁን ማንም ያላነሣው ነገር አለ። ብራቂም ከኢየሩሳሌም በስተምሥራቅ፣ በደብረ ዘይት አካባቢ ያለች የብንያም መንደር ናት። ብንያም የሳኦል ነገድ ነው። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ወደ ይሁዳ፣ ወደ ዳዊት አገር ነው የሚያመራው። አበኔር ሰውየውን የመለሰው ወሰን ላይ ይመስለኛል። ይሄ ለአርታኢው «ለምን እስከዚያ ታገሠው» ጥያቄ መልስ ይሆናል።

ሁለተኛው ይበልጣል። ከዓመታት በኋላ ዳዊት ካመፀበት ልጁ ከአቤሴሎም ሸሽቶ ሲወጣ በየትኛው መንደር አለፈ? በብራቂም። ከዚያ ማን ወጣ? ሳሚ የጌራ ልጅ፣ ከሳኦል ቤት ወገን የሆነ። እየተራገመ ድንጋይ ወረወረበት፣ አፈር በተነበት። «አንተ የደም ሰው» አለው። ሳሚ ለምን እንደዚያ እንደተንገበገበ ሰው ሁሉ በፖለቲካ ይተረጉመዋል። የሳኦል ወገን ነውና። ይሁን። ግን ያቺ መንደር ፈልጢኤል እያለቀሰ የቆመባት መንደር ናት! ሳሚ ያን ቀን በር ላይ ቆሞ ቢሆንስ?

ቀለም ጠብታ፦

ኧረ ጋሽ ቆፋሪ!! ፀጉሬ ቆመ። ሁለቱን ቦታዎች ስንቴ አንብቤያቸው ስሙን አላያያዝኩትም።

አርታኢው፦

ይሄ ነው ልብ ወለድ። አልተጻፈም፣ ግን የተጻፈውን አንድም አያፈርስም። ሁለት የራቁ ቁጥሮች በአንዲት መንደር ተገናኙ።

ማርታ ዘቢታንያ፦

አንድ ልጨምር። ብራቂም ሦስተኛ ጊዜም ትመጣለች። በዚያው በአቤሴሎም ዓመፅ ጊዜ የዳዊት መልእክተኞች ዮናታንና አኪማአስ እዚያ መንደር አንድ ግቢ ውስጥ ጕድጓድ ገብተው ተደበቁ። አንዲት ሴት አፉን ሸፍና እህል አሰጣችበት። ፈላጊዎቹ ሲመጡ «አለፉ» አለቻቸው። ጕድጓድ ያለበት ግቢ፣ ልብ ያላት ሴት። ፈልጢኤል ውኃ ካስፈለገው…

ሌሊት ጸሐፊ፦

ስለ ምልልሱ ማንም አልመለሰላትም፣ እኔ ልሞክር። ይሄ ጉዳይ በእኛ ቋንቋ ከሌላው የከበደ ነው። ምክንያቱም አፋችንን በከፈትን ቁጥር «አንተ» ወይስ «እርስዎ» ብለን መምረጥ አለብን።

መጽሐፍ ቅዱሳችን ውስጥ ሁሉም «አንተ» ነው። ባሪያው ንጉሡን፣ ልጁ አባቱን፣ ሰው አምላኩን። ጆሯችን ስለለመደው አይከብደንም። ልብ ወለድ ላይ ግን ወታደሩ ዳዊትን «አንተ ብላ» ቢለው የሚጣላው ይመስላል። «እርስዎ ይብሉ» ካልክ ደግሞ ዳዊት በአንዴ ካባ ደርቦ፣ ወንበር ተስቦለት፣ ከሺህ ዓመታት በኋላ ያለ ቤተ መንግሥት ውስጥ ይገኛል። ገና ትናንት ዋሻ ውስጥ አብሯቸው ያደረ ሰው ነው እኮ።

የእኔ አካሄድ «አንተ»ን ይዞ አክብሮቱን በሌላ ነገር ማሳየት ነው። መጽሐፉ ራሱ መንገዱን ያሳያል። ሰው ትልቅ ሰው ፊት ሲቆም ራሱን «ባሪያህ» ይላል፣ «እኔ» አይልም። «ባሪያህ ሰምቷል»፣ «ጌታዬ ይስማ»። ከዚያ ማን ቀድሞ እንደሚናገር፣ ማን ቆሞ ማን እንደሚቀመጥ አሳይ። ይበቃል። «ሆይ»ንና «እነሆ»ን ግን ቆጥባችሁ ተጠቀሙ። በየመስመሩ ካስገባችኋቸው ንባብ እንጂ ንግግር አይሆንም።

ሜልኮል ላይ ደግሞ ይሄን ተመልከቱ። የሸሸ ቀን ለዳዊት የነገረችው አጭር ነው፦ ዛሬ ሌሊት ነፍስህን ካላዳንክ ነገ ትሞታለህ። ፊት ለፊት፣ «አንተ»፣ ምንም ማዕረግ የለም። ከዓመታት በኋላ በታቦቱ ፊት ሲዘልል በመስኮት አይታ ስትቀበለው ምን አለች? «የእስራኤል ንጉሥ ዛሬ ምንኛ የተከበረ ነበር!» ባሏን እኮ ነው። ፊቷ ቆሞ እያለ በሩቅ ሰው ታነሣዋለች። ማዕረጉን አልነፈገችውም፣ በማዕረጉ ወጋችው። ትዳሩ ምን እንደደረሰበት በአጠራሩ ብቻ ታወቀ። አንቺ ደግሞ መሃሉን ነው የምትጽፊው። ለፈልጢኤል ምን ብላ ትጠራዋለች? በስሙ? «አንተ ሰው»? ያንን ካገኘሽ ምልልሱ ራሱ ይመጣልሻል።

ጠያቂው ቶማስ፦

ስለ ጌታ ስትጽፉስ? ተራኪው «እሱ» ሊለው ነው? ለእኔ ይከብደኛል። «ጌታችን እንዲህ አለ» ብትሉ ደግሞ ልብ ወለድነቱ ይቀራል።

ሌሊት ጸሐፊ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ በማያውቁት ሰዎች ዓይን ነው የምጽፈው። ዓሣ አጥማጁ መጀመሪያ ቀን «ጌታችን» አይልም፣ «መምህር» ወይ «ረቢ» ነው የሚለው። ሳምራዊቷ በጕድጓዱ አጠገብ «አንተ የይሁዳ ሰው» ብላ ጀምራ ወደ «ጌታ ሆይ»፣ ከዚያ ወደ «ነቢይ»፣ መጨረሻ ላይ «ክርስቶስ ይሆን እንዴ» ደረሰች። ዮሐንስ በአጠራር እየወጣ ነው ምዕራፉን የሠራው። ከእሱ መቅዳት ነውር የለውም።

ዝም ባይ አንባቢ፦

ዝም ብዬ ላልፍ ነበር፣ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። የዚህ ዓይነት ልብ ወለድ ሁሉ ለምን ያስለቅሳል? መጽሐፉ ውስጥ ሳቅም አለ እኮ። ሐዋርያት ሥራ 12! ጴጥሮስ ከእስር ቤት አምልጦ በሌሊት በር ያንኳኳል። ሮዴ የምትባል ገረድ ድምፁን ለየችና ከደስታዋ ብዛት በሩን ሳትከፍት ለመንገር ወደ ውስጥ ሮጠች። የውስጦቹ «አብደሻል» ይሏታል። እስረኛው ውጭ ቆሞ እያንኳኳ ነው። ይሄን የሚጽፍልኝ አጣሁ።

ሌላም አለ። ጴጥሮስ ጆሮውን የቆረጠው ባሪያ ማልኮስ ይባላል። ያን ሌሊት እሳት ዳር ጴጥሮስን «በአትክልቱ ስፍራ አላየሁህምን?» ብሎ ካፋጠጡት አንዱ የማልኮስ ዘመድ ነው፣ ዮሐንስ 18፥26። ጴጥሮስ የካደው ጌታን መከተሉን ብቻ ነው የሚመስለን። ሰውየው ግን የዘመዱን ጆሮ ጉዳይ ይዞ ነው የመጣው። በጣም የሚያስፈራ ምሽት ነው፣ ትንሽ ደግሞ ያስቃል።

ማርታ ዘቢታንያ፦

ሮዴን እኔ እጽፋታለሁ፣ ቃሌ ነው 😄

ቀለም ጠብታ፦

ትዕይንቱን እንደገና ጻፍኩት። ከሳሚ ዓይን ነው፣ ልጅ እያለ። የሳሚ ዕድሜ አልተጻፈም፣ ስለዚህ ያን ቀን ትንሽ ልጅ አድርጌዋለሁ። እነሆ (አንዴ ብቻ!)፦

«መጀመሪያ አቧራውን ነው ያየነው። ከዚያ ሰዎቹን። አባቴ ‹አበኔር ነው› አለና ከደጃፉ ተነሣ። የንጉሥ ሳኦል የአጎት ልጅ ሲያልፍ ተቀምጦ መቆየት ነውር ነው።

ከሰዎቹ መሃል ሴት ነበረች። ፊቷን ተሸፍናለች። ፈረሷ ቀስ ብሎ ነው የሚራመደው። ከኋላ፣ ድንጋይ ብትወረውር በሚደርስበት ርቀት፣ አንድ ሰው ይከተላል። ጫማ የለውም። አንዱን ጫማ በእጁ ይዟል፣ ጠፍሩ ተበጥሷል። ሌላውን የት እንደጣለው አላውቅም።

ያለቅሳል። ሰው ሞቶበት እንደሚያለቅስ አይደለም፣ አይጮህም። እየተራመደ ነው የሚያለቅሰው፣ መራመዱንም አላቋረጠ፣ ማልቀሱንም አላቋረጠ።

የጎረቤታችን ሚስት ከጕድጓዳቸው ውኃ ቀድታ ወጣች። ሰውየው እንስራውን አየና ‹ለእሷ ስጪያት› አለ። ሴትየዋ ወደ ፈረሱ ሄደች። ተሸፋኟ እጇን ዘርግታ ጠጣች። ዞር አላለችም።

አበኔር ተመልሶ መጣ። አልተቆጣም። ‹ከዚህ ወዲያ ይሁዳ ነው› አለው። ‹ሂድ፣ ተመለስ።›

ሰውየው ጫማውን አየ።

አባቴ ወደ ውስጥ አስገባኝ።»

አርታኢው፦

አሁን ገባሽ! «ለእሷ ስጪያት» ያለው ቦታ ላይ ብቻውን አንድ ምዕራፍ ቆጠብሽ። መጨረሻው ላይ አባትየው የሚያስገባው ልጅ ነገ ድንጋይ የሚያነሣው ልጅ መሆኑን አንባቢው ራሱ ይድረስበት። እንዳታስረጂ፣ አደራ። «ድንጋይ ብትወረውር በሚደርስበት ርቀት» የሚለው ራሱ ይበቃል። እሱንም እንዲያው በድፍረት ነው ያስገባሽው።

ጠያቂው ቶማስ፦

አንብቤ ዝም አልኩ። ስም ስላለው ሰው ያልኩትን አልተውኩም። ግን ሰውየው የተናገረው ሁለት ቃል ብቻ ነው፣ ያንን እቀበላለሁ። መጽሐፉ መጨረሻ ላይ የቱ ተጽፎ የቱ እንደተፈጠረ በአንድ ገጽ ብትነግሪን ደግሞ ደስ ይለኛል።

ቀለም ጠብታ፦

ገጹን እጽፈዋለሁ ወንድም ቶማስ። እንዲያውም ከምዕራፉ ጋር አብሬ እየያዝኩት ነው።

ድንጋይ ቆፋሪ፦

ይቅርታ፣ አሁንም ዕቃ ላይ ልመለስ ነው። ፈረሱ ይውጣ። በዚያ ዘመን በተራራማው አገር ፈረስ የሠረገላ ነው፣ የጦርነት ነው። ዳዊት ራሱ ከማረካቸው የሠረገላ ፈረሶች አብዛኞቹን ቋንጃቸውን ቆረጠ። ሰው የሚቀመጠው በአህያ ነው። የንጉሥ ልጆች በበቅሎ ሲሄዱ ታያለሽ፣ አቤሴሎምም ዛፉ ላይ ሲንጠለጠል ከሥሩ ያለፈችው በቅሎ ናት።

ማርታ ዘቢታንያ፦

አቢግያ ወደ ዳዊት ስትሄድ በአህያ ነው የሄደችው። ሜልኮል ግን የንጉሥ ልጅ ናት። በቅሎ አይገባትም?

ሌሊት ጸሐፊ፦

የተሸነፈ ንጉሥ ልጅ ናት። አህያ።

አርታኢው፦

በእግሯ ብትሄድስ? እንስሳ ላይ ከሆነች ዞር ያላለችው ስለሚጎትቷት ነው ብሎ አንባቢው ይቅር ይላታል። በእግሯ ከሆነች ግን ለምን እንዳልዞረች አንቺ ማወቅ አለብሽ። ባትጽፊውም እንኳ።